የቆየ የልብ ሕመም

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ቶነር አልቋል። ማሽኑ የገጹን ግማሽ እያደበዘዘ ያወጣል። ሰው ግን ይሰለፋል፣ ለቡ ላይ ዛሬ መብራት ያለው የኔ ሱቅ ብቻ ነው። እስካሁን ሦስት ፎርም ሞላሁ። አንድ የመታወቂያ እድሳት፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ አንድ የውርስ። የውርሱ ሰውዬ የት ጋ ልፈርም ሲሉኝ ወረቀቱን ሳላይ ጣቴን ቦታው ላይ አሳረፍኩ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ የሰው ወረቀት በቃሌ አውቃለሁ። የራሴን አላነበብኩም።

ጌታሁን የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ይዞ መጣ። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፣ አንተ አጀንዳዬ ላይ ግን ጌታሁን ይበቃዋል። ቆሞ አስነበበኝ። ካሳው አይከፈልም። ምክንያቱም አቶ መስፍን የሕይወት መድን ሲገቡ የልብ ሕመም አለብዎት ወይ ተብለው የለብኝም ብለዋል። ቤተሰባቸው ባቀረበው ማመልከቻ ግን የሞቱት «በቆየ የልብ ሕመም» ነው። ስለዚህ ሕመማቸውን ደብቀዋል፣ ውሉም ፈራሽ ነው።

ባሌ መስፍን ልቡን ታሞ አያውቅም። ፎርማን ነበር፣ አምስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሠራተኛውን ተቆጥቶ ይወርዳል። ኅዳር 19 ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሱቅ፣ ልጃችን ሊዲያ ት/ቤት ሆና፣ በገዛ እጁ ሞተ።

ይኸው ጻፍኩት። ሰማንያ ቀኑ ሊሞላ ነው፣ ገና ዛሬ ጻፍኩት።

አንድ ሴትዮ ጉርድ ፎቶ ፈልገው ቆመዋል። ልነሳ።

በዚያው ቀን፣ 7፡00

የልብ ሕመሙን ያመጣው ጌታሁን ነው። የዚያን ቀን ሆስፒታል ደረጃው ላይ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንድ፣ ይህ ከታወቀ ፍትሐት አይደረግለትም፣ እናታችን ትሞታለች። ሁለት፣ ራሱን ላጠፋ ሰው ኢንሹራንስ አይከፍልም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ልቡን እንበል አለ። አንገቴን ነቀነቅኩ። «የቆየ» የሚለውን የጨመረው ለእድርተኛው ነው። ድንገት ሞተ ካልክ ሰው ይጠይቅሃል፣ ቆይቶበት ነበር ካልክ ከንፈሩን መጦ ያልፋል። የሆስፒታሉን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከወረዳ የሞት ምስክር ወረቀት ስናወጣ ምስክር የሆኑት እድርተኞች ናቸው፣ እነሱም የተናገሩት የነገርናቸውን ነው። ከዚያ ማመልከቻው ላይ ያው ተገለበጠ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ ማሽኔ።

አንተንም የሰጡት ኢንሹራንሶቹ ናቸው እኮ። መስፍን ውሉን የፈረመ ቀን አንድ አጀንዳና አንድ እስክሪብቶ ይዞ ገባ። የታተመብህ ቀን የዚያን ዓመት ነው፣ እየሰረዝኩ እጽፋለሁ። እስክሪብቶው ወዲያው ነው የደረቀው።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ 9፡40

ት/ቤት ደወሉ። ሊዲያ ክፍል ውስጥ ደረቷን ይዛ ተቀምጣለች አሉኝ። ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። ሚኒባሱ መካኒሳ ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ሦስቱንም ጊዜ ረዳቱን ሰደብኩት።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ሐኪሙ በቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔን ነበር የጠየቀው። ልጄ ቀደመችኝ።

«አባቴ በልብ ነው የሞተው።»

ሐኪሙ ጻፈ። አየሁት ሲጽፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ሁለታችንም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን፣ ሞኟም ወረቀቱም። ምርመራው ደህና ነው አለ፣ ግን ከአባቷ የተነሳ በየስድስት ወሩ ትታይ፣ የአባቷ የሕክምና ወረቀት ካለም አምጡልኝ።

ስንወጣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከጥር ጀምሮ ስፖርት ትታለች፣ ለካ በዚህ ነው፣ እኔ ስንፍና መስሎኝ ስጨቀጭቃት ነበር። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ የአንገቷን ሥር ትዳስሳለች። ትቆጥራለች።

የካቲት 8፣ እሑድ፣ 11፡30

ሰማንያው ዛሬ ነበር። ነገ ጾም ይገባል፣ ሰው ቅበላውንም አብሮ በላ። እንዲያ ተመቻቸልን።

እማማ፣ አማቴ፣ ለመጣው ሁሉ ፍትሐቱ እንዴት እንዳማረ ሲተርኩ ዋሉ። ስንት ካህን፣ ስንት ጥላ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ በሰው ፊት፣ የልጄን ልብ የጨረሰው ጨው ነው አሉ። ወጥሽ ጨው ይበዛዋል፣ ስንቴ ነግሬሻለሁ አሉ። ባሏ ሲታመም ያላየች ምን ሚስት ናት ያለች ጎረቤትም አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት አድርጋ። ጌታሁን ጥግ ላይ ተቀምጦ ጠላውን ያይ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ታሞ ነበር፣ አላየሁም። ከነሐሴ ጀምሮ አይተኛም ነበር። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ አንዱ ባዶ፣ ደክሞኛል አለኝ። ማን ያልደከመው አለ አልኩት። ታክሲ እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ ነበር። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

የካቲት 11፣ ረቡዕ፣ 6፡15

ኢንሹ. ሄድኩ። ብቻዬን። ሳራ የምትባል ልጅ አስተናገደችኝ፣ ጨዋ ናት፣ እርስዎ እያለች። ደብዳቤውን አስረዳችኝ። የገባኝን ነገር ሰው ሲያስረዳኝ አልወድም፣ ታገስኩ። ከዚያ ለአንድ ደንበኛዬ ብዬ ጠየቅኩ፣ ሰውየው በራሱ እጅ ቢሆንስ? አየችኝ። ደንበኛዬ ማን እንደሆነች የገባት ይመስለኛል። የውሉን ቅጂ ገልጣ ገጽ ሰባት ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ልክ እኔ ለሰው እንደማስቀምጠው።

አነበብኩ። መድን ገቢው ውሉ በጸና በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕይወቱን በገዛ እጁ ቢያጠፋ ካሳ አይከፈልም፣ የከፈለው ዓረቦን ብቻ ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆነ ይከፈላል። ነገሩ ይኸው ነው፣ አራት መስመር።

ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። ከፈረመበት እስከ ሞተበት ቀን ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ደግሜ ቆጠርኩ።

ለምን ሁለት ዓመት እንደሆነ ጠየቅኳት። ለመሞት ብሎ ውል የሚገባ ሰው እንዳይኖር ነው አለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደማንኛውም ሞት እናየዋለን። እንደማንኛውም ሞት። ስንት ዘመድ፣ ስንት ጎረቤት፣ ይህን ያለኝ የለም። ካሳ ላለመክፈል ምክንያት ሲፈልጉ የሚውሉ ሰዎች ገጽ ሰባት ላይ ቦታ አዘጋጅተውለታል። እኛ፣ የገዛ ወገኖቹ፣ ቦታ አላዘጋጀንለትም። እንዲቀበር ሌላ ሰው ልናደርገው ግድ ሆነብን።

«ባለቤቴ በገዛ እጁ ነው የሞተው» አልኳት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አልደነገጠችም። የማስተካከያ ፎርም አወጣች። የሆስፒታሉና የፖሊስ ወረቀት፣ ከኔ ደግሞ በፊርማዬ የተደገፈ የአሟሟቱ መግለጫ ይያያዛል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ሐሰት ስለነበር ጉዳዩ ኮሚቴ ይቀርባል፣ ይከፈላል ብዬ ቃል አልገባም አለች። እሺ አልኩ። ውሸት ሳንጨምር ብንቀመጥ ኖሮ በጥር ይከፈለን ነበር። የሊዲያ ት/ቤት፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም። በገዛ ማሽኔ ገልብጬ አፈረስኩት።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ለጌታሁን ነገርኩት። ገጽ ሰባትን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት። አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። የዚህ ሰውዬ ኪስ መቃብር ነው። ብሩ ይቅር፣ ስሙ አይነሳ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ አለኝ። አንድ የሚያውቀው ሐኪም አለ። ሕመሙ ቀድሞ ያልታወቀ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነበር የሚል ወረቀት ይጽፋል። ያኔ መስፍን አልደበቀም፣ ኢንሹ. ይከፍላል፣ እናታችንም አትሰማም። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል አለ። ላስብበት አልኩት።

እውነቱን ልንገርህ፣ አሰብኩበት። አንድ ሳምንት ሙሉ።

የካቲት 20፣ ዓርብ፣ 10፡30

ከቅዳሴ በኋላ አቦ ግቢ የንስሐ አባታችንን ያዝኳቸው። ለንስሐ ሳይሆን ለጠብ ነበር የሄድኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቆመን፣ ጥላው ሥር። ከዚያ ጠየቅኳቸው። እውነቱን ብንነግርዎት ኖሮ ያለ ፍትሐት ይቀብሩት ነበር?

መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። መተኛት እንዴት ነበር አሉኝ። ምግብስ? ብቻውን ያወራ ነበር? ለማንም ያልተናገርኩትን ለሳቸው ተናገርኩ፣ የነሐሴውን፣ ቀበቶውን፣ ካልሲውን። ማን ያልደከመው አለ ያልኩትንም።

«ልጄ፣ ሥርዓቱ አለ» አሉ። «ሥርዓቱ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። ሰውየው ታሞ ነበር ወይ? አእምሮው የራሱ ነበር ወይ? ከአለቃችን ጋር እንመክርበት ነበር። እናንተ ልጠይቅ አላስቻላችሁኝም።»

የተደረገለት ፍትሐትስ ይሻራል ወይ አልኩ። የተጸለየ ጸሎት ተመልሶ አይወሰድም አሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልቅሼ፣ ተናድጄ ወጣሁ። እምቢ፣ አንቀብረውም ነበር ቢሉኝ እመርጥ ነበር። ያኔ ውሸቱ አንድ ነገር አትርፎልናል እላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑንም የኢንሹራንሱንም በር ሳናንኳኳ ተዘግቷል ብለን በአጥር ዘለልን።

የካቲት 27፣ ዓርብ፣ 12፡00

ጌታሁን ወረቀቱን አመጣ። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ሁሉ አለው። ከራሱ ኪስ ከፍሎ ነው፣ ስንት እንደሆነ አልነገረኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አልፈልገውም አልኩት። ተቆጣ። አንቺ ብር ነው ያየሽው አለ። እኔም ያልተባለ አላስቀረሁም። የወንድምህን ልብ አንተ ነህ የፈጠርከው፣ እኔ በጨው እከሰሳለሁ አልኩት።

ከዚያ ድምፁ ወረደ።

«ያን ቀን ቤት የገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ሆስፒታል ተኝቶ ነው ያየሽው። እኔ ያየሁትን ሌላ ሰው እንዲያይብኝ አልፈልግም።»

ለአምስት ደቂቃ ያህል አልጠላሁትም። ውሃ ቀዳሁለት። ይህ ሰው ከኅዳር ጀምሮ ያን ክፍል ብቻውን ተሸክሞ ይዞራል፣ እኔ ኪሱን ስረግም።

ወረቀቱን እቀበል ነበር። ይህን እንድታውቅልኝ ነው የምጽፈው። እጄን ዘርግቼ ነበር። ሊዲያ ከጓዳ ወጣች፣ የአባባ የልብ ወረቀት ነው ወይ አለች፣ አንስታ አነበበች። ለሐኪሜ ኮፒ አድርጊልኝ፣ አምጪ ብሎኛል አለችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር፣ የሆነ ወረቀት ስለተገኘ።

ከእጇ ወሰድኩት። ቀደድኩት። ጌታሁን ተነስቶ ሄደ። ሊዲያ ለምን እንደቀደድኩት ጠየቀች፣ ስህተት አለበት አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ልጄ ደደብ አይደለችም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ 8፡00

አቦ። መካኒሳ መንገዱ ሁሉ ነጠላ ነው። እማማ ከንግሥ ተመልሰው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ እግራቸው አብጧል። ላጥብልዎት ብዬ ውሃ አመጣሁ። እግራቸውን እያጠብኩ ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፣ ለውሃው ነው የነገርኩት።

እግራቸውን አልሳቡም።

«ጨው አልነበረማ» አሉ በመጨረሻ።

አልነበረም አልኩ።

ፍትሐቱስ አሉ። የንስሐ አባታችን ያሉትን ነገርኳቸው። ጸሎት ተመልሶ እንደማይወሰድ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፣ ከውስጡ የሚሰማው ድምፅ ሰው የሚያለቅስ አይመስልም ነበር። አብሬያቸው መሬት ላይ ቆየሁ። ሲበቃቸው አንድ ነገር ለመኑኝ። ለጌታሁን እንዳትነግሪው አሉ። እናቴ አላወቀችም፣ ከለልኳት ብሎ ይኑር፣ እሱም ልጄ ነው አሉ።

መንገድ ላይ ሳቅሁ። አንዱን ውሸት ነቅዬ ሳልጨርስ ሌላ ተተከለልኝ። ምን ቤተሰብ ነው ያገባሁት? ግን እሺ ብያቸዋለሁ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ሊዲያን ዛሬ ት/ቤት አስቀረኋት። ሱቅም አልከፈትኩም። ከአልጋዋ ሳትነሳ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ሦስት ቀን አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። አባትሽ ልቡን አልታመመም አልኩ። ቀሪውንም አልኩ፣ በአጭሩ፣ ሳላሳምር። የዋሸነው እኛ ነን፣ እኔም አለሁበት አልኳት።

አላለቀሰችም። ጣቷ አንገቷ ሥር ሄደ።

«የኔ ልብ ደህና ነው ማለት ነው?»

ደህና ነው አልኳት። አዎ፣ ደህና ነው።

ያኔ አለቀሰች። ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። ለአባቷ ይሁን፣ ለአራት ወር ቆጠራዋ ይሁን። አቅፌያት ቆየሁ። እኔ ግን በውስጤ ሌላ ነገር እፈራ ነበር። ልብን ሐኪም ሽቦ ለጥፎ ያያል፣ የአባቷን ሕመም ግን ምን ለጥፎ ያያል? ራሴ ልጠይቃት አልኩ። መተኛት እንዴት ነው አልኳት። ጥሩ አይደለም አለች። ከኅዳር ጀምሮ። ከጠየቅኳት በኋላ ነው የነገረችኝ። ልቧን ያየላት ሐኪም ለዚህ ደግሞ ወደሚያያት ሰው ይምራን፣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡45

ትናንት ከሰዓት የሆስፒታሉን ወረቀት ከጌታሁን ተቀበልኩ። በር ላይ ቆሞ ሰጠኝ፣ አልገባም። ካስገባሽው ቤቴ አትምጪ አለኝ። ጋሼ፣ እሺ አልኩት። የፖሊሱን ወረቀት ራሴ አወጣሁ። መግለጫውን ዝግ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ተየብኩት፣ ስድስት መስመር። የሰው ማመልከቻ በአሥር ደቂቃ የምጨርስ ሴት፣ ይህን ስጽፍ መሸብኝ።

ዛሬ ጠዋት ሊዲያ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበች። «ሕይወቱን በገዛ እጁ አጥፍቷል» የሚለው ላይ ቆየች። ከዚያ ከሱ በፊት አንድ ነገር ይቀራል አለችኝ።

«ታሞ ነበር በይ። መጀመሪያ ታሞ ነበር፣ ከዚያ ነው።»

እስክሪብቶ ሰጠኋት። መስመሩ ላይ በእጇ ጻፈችው፣ ጎኑ ላይ እኔ ፈረምኩ። ኮሚቴው ቢቀበለው ባይቀበለው አላውቅም። እንደዚያው ይገባል፣ ንጹሕ ኮፒ አልሠራለትም። አብሬሽ እሄዳለሁ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው።